ማጉያው ነፋስ እንዳይመታው

ለስንት ሰው እንደነገርኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ በትክክል የሰማኝ ግን አንድም የለም። የድምፅ ማጉያ ይተነፍሳል። አፍንጫ የለውም፣ ሳንባ የለውም፣ ግን ቀዝቃዛው አየር ከታች ካልገባለትና ትኩሱ ከላይ ካልወጣለት ይሞታል። ይኸው ነው ነገሩ። ይህን ለሰው ለማስረዳት የጨረስኩት ምራቅ ማጉያውን ለመሥራት ከጨረስኩት ጉልበት ይበልጣል።

ካሣዬ ይመር እባላለሁ። ደሴ ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ራዲዮ የሚያስጠግን ሰው ጠፋ፤ የሚበላው የሌለው ሰው ዜና ምን ያደርግለታል? ሱቄን ዘግቼ አምባሰል ገባሁና ከቤተሰባችን የተረፈችኝን ታናሽ እህቴን ውድነሽን ይዤ ወደ መጠለያ ወረድኩ። እዚያ የእህል ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ሚሊሺያ ራዲዮ ጠጋኝ መሆኔን ሰማና ጠራኝ። ራዲዮው የረባ ብልሽት አልነበረበትም፤ አንዲት ሽቦ ተላቃ ነበር። እኔ ሞኙ ግን ሙያዬን ላሳይ ብዬ ብሎኑን ሁሉ ፈታትቼ አጸዳሁት፤ ሰውየው ሲያደንቀኝ ጊዜ ጭራሽ ስለ አንቴና ማስረዳት ጀመርኩ። ስመለስ ሰልፉ የለም። በሰልፉ የነበረውን ሰው በሙሉ አውቶቡስ ላይ ጭነው ሄደዋል። እህቴን በአንድ የሰው ራዲዮ ለወጥኳት ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ነው የምተኛው፣ ይህን እያሰብኩ ነው የምነሳው።

በሁለተኛው ሳምንት እኔንም ጫኑኝና ከአምስት ቀን መንገድ በኋላ አሶሳ አራገፉኝ። የደረሰኝ መንደር አምባ ዘጠኝ ይባላል። ያኔ ለሰፋሪ መንደር ስም ማውጣት አልነበረም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። ከአምባ ወደ አምባ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ምክንያት ያስፈልጋል። እህቴን ልፈልግ ስላቸው፣ የት ነው ያለችው ይሉኛል። እሱን ባውቅ መቼ እፈልጋት ነበር ስላቸው፣ ታዲያ የት ብለን እንጻፍልህ ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጫወቱብኝ።

የአካባቢያችን ካድሬ ጓድ አንለይ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መናገር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። አንድ ጊዜ ስለ ሽንት ቤት አቆፋፈር ሊነግሩን ሰብስበውን ስለ ካፒታሊዝም ውድቀት ሲነግሩን መሸ፤ ሽንት ቤቱ እስከ ዛሬ አልተቆፈረም። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መስከረም ሁለት የየአምባው ሕዝብ ለአብዮት በዓል አሶሳ ሜዳ እንዲሰበሰብ ሲታዘዝ፣ እሳቸውን ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የነበረው ማጉያ ክረምቱን ዝናብ ገብቶበት ሞቷል።

«እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው።

«በምን ትሠራለህ?»

«በተገኘው።»

«እንደምትችል በምን አውቃለሁ?»

«ጓድ፣ እርስዎ አብዮቱን ሲጀምሩት በምን አውቀው ነበር?» ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ሠርቼ አሳይዎታለሁ» አልኩ። «በምላሹ የምጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው። ንግግርዎን ሲጨርሱ በማይክሮፎኑ የእህቴን ስም ልጥራ። በሕይወት ካለችና በዚህ አገር ከሰፈረች ያን ቀን ሜዳው ላይ መሆኗ አይቀርም።»

«ንግግሬ ሳይቋረጥ ካለቀ አንድ ደቂቃ አለህ» አሉኝ። «ከተቋረጠ ግን አሻጥር ነው። ደቂቃውም የለም፣ አንተም የለህም።»

እሺ አልኩ። ምን ልል ኖሯል?

ከተሰባበረ የመኪና ራዲዮና ከሞተ ቴፕ ውስጥ አራት ትላልቅ ትራንዚስተሮች አወጣሁ፤ የብረት ቆብ የደፉ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ። ከትራክተር ባትሪ የሚመጣውን ጉልበት ወደ ድምፅ የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ግማሹን ማለቴ ነው፤ ግማሹን ሙቀት ያደርጉታል። ትራንዚስተር ደግሞ ጠባዩ የሰካራም ነው። ሲሞቀው ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይሞቀዋል፣ ሲሞቀው የባሰ ይጠጣል፣ በመጨረሻ ጠረጴዛ ሥር ታገኘዋለህ። ሙቀቱን ተቀብሎ የሚበትን ሰፊ አሉሚኒየም ካላሰርክለት አንድ የካድሬ ንግግር አይጨርስም።

አሉሚኒየም ከየት ይምጣ? ድስት እንዳልል፣ የሰው ድስት ነጥቄ ማን በሰላም ያሳድረኛል። ስዞር ስዞር ከአንድ ግቢ ጀርባ የተጣለ ሞተር ሳይክል አገኘሁና ቴስታታውን ፈታሁ። ቴስታታ ማለት ሞተሩ አናት ላይ ያለው፣ ክንፍ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ነው፤ ሲሠራም ሙቀት እንዲያወጣ ተብሎ ነው የተሠራው። አንዱን ጎኑን አራት ቀን በሞረድ ሞርጄ ለጥ አደረግሁትና ትራንዚስተሮቹን አሰርኩበት። ሙቀቱ በደንብ እንዲሻገር በመካከላቸው የጥርስ ሳሙና ቀባሁ። አምባ ዘጠኝ ውስጥ የነበረው አንድ የጥርስ ሳሙና ነው፤ የጤና ረዳቱ እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።

ጓድ አንለይ ደግሞ ሳጥን አሠርተው ላኩልኝ። የዋንዛ ጣውላ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱ ላይ ኮከብ ያለበት። ማማሩን አልክድም። ቀዳዳ ግን የለውም፤ ለትንኝ የምትበቃ እንኳ የለውም።

«ጓድ፣ ይኼ መበሳት አለበት» አልኳቸው።

«ለምን?»

«እንዲተነፍስ።»

«ቀዳዳ ከተውክለት ያልተፈለገ ነገር ይገባበታል።»

«ምን ይገባበታል?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ? ያልተፈለገ ነገር።»

ከዚህ በላይ ክርክር የለም። ሳጥኑን ዘግተን ሞከርነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ ትራንዚስተሮች ሞቱ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፤ ሌላ ልፈልግ ብል ከአሶሳ እስከ ነቀምት የሚገኝ የለም። ያን ቀን ተቀምጬ አለቀስኩ። እነዚያ ቆብ የደፉ ሁለት ብረቶች ለኔ የእህቴ ስም ነበሩ።

ያወጣኝ ሐመድ ነው። ሐመድ የመንጌ ሰው ነው፣ የበርታ ተወላጅ፤ ከቀርከሃ ቅርጫትና አልጋ እየሠራ ወደ አምባችን ይዞ ይመጣል። ያን ጋለሞታ ሳጥን ከፊቴ አስቀምጬ ስራገም አገኘኝ። ክዳኑን ከፍቶ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈና ቶሎ አነሳው።

«ወላሂ ይሄ ሙቀት አለ» አለኝ። «ቤት የላትም። አንተ ሳንዱቅ ሰጠህ።»

«ምን ልስጣት ታዲያ?»

«የኛ ቤት አየህ? ግድግዳ ክፍት ነው፤ ንፋስ ይገባል፣ ንፋስ ይወጣል። የናንተ ቤት ጭቃ፣ ጭቃ፣ ጭቃ። ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ብርድ የለም። ጭቃ ለምን?»

እውነቱን ነው። እኛ ደገኞች አሶሳ እንደደረስን መጀመሪያ የሠራነው ሥራ የተሰጠንን የቀርከሃ ቤት በጭቃ መምረግ ነው። ሙቀት ሊገድለን ደርሶ እኛ ከብርድ እንከላከላለን። ማታ ማታ በላብ ተጠምቀን ተኝተን «ተመስገን፣ ንፋስ አይገባም» እንባባላለን።

ሐመድ በሁለት ቀን የቀርከሃ ቤት ሠራለት። እግር ያለው፣ ከታች ክፍት፣ ከላይ ክፍት፣ ቁመቱ ክንድ ተኩል። ቴስታታውን ልከተው ስል እጄን ያዘኝ። እኔ ክንፎቹን አጋድሜ ነበር ያሰርኩት።

«ለምን ተኝቷል? ይቁም» አለና አዙሮ አቆመው። «ሙቀት ላይ ነው የሚሄድ። ኻላስ።»

ትኩስ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ክንፉ ሲቆም መንገድ ያገኛል፣ ሲጋደም ግን በየክንፉ ሥር ታጉሮ ይቀራል። አሥራ ሁለት ዓመት ራዲዮ የጠገንኩ ሰውዬ ይህን ሳላስብ ቀርቼ፣ የራዲዮ ሆድ አይቶ የማያውቅ ሰው አስተማረኝ። ተናደድኩ፤ ግን ደስ እያለኝ ነው የተናደድኩት።

መለኪያዬ ጣቴ ነው። ብረቱ ላይ አሳርፌ እቆጥራለሁ። አሥር ድረስ ከቻልኩ ደህና ነው፤ አምስት ላይ ካነሳሁ መጨነቅ ነው፤ ሁለት ላይ ካነሳሁ ሐመድ ፋቲሓውን፣ እኔ ፍትሐቱን መጀመር ነው። በቀርከሃው ቤት ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ስናስጮኸው ዋልን። አሥራ አምስት ቆጠርኩ። ሐመድን አቅፌ ሳምኩት፤ ሰውየው ደነገጠ።

ጓድ አንለይ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። «ይኼ የዶሮ ቤት ነው» አሉ።

«ሀገር በቀል ነው ጓድ» አልኳቸው።

በዚያ ዘመን ይህን ቃል ከሰማ በኋላ የሚከራከር ካድሬ አልነበረም። ቀይ ቀለም አስቀቡትና ኮከቡን ከሳጥኑ ነቅለው ሰቀሉበት።

የበዓሉ ቀን ደመናው ከብዷል። ዝናብ እንዳይነካው ብለን ማጉያውን ከመድረኩ ጀርባ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ አስቀመጥነው። ጎጆዋ የቀርከሃ ናት፤ መስኮቷ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ነው፣ ያስከፈትኩትም እኔ ነኝ። እንዲጠብቁ የተመደቡት የአምባችን ግምጃ ቤት ኃላፊ አያ ታረቀኝ ናቸው።

አያ ታረቀኝ ደግ ሰው ናቸው። በዕድሜዬ እንደሳቸው ያለ ደግ አላየሁም። በዚህ ምድር ላይ ግን አንድ ነገር ይፈራሉ፤ ንፋስ። ከወሎ ስንመጣ በአንድ አውቶቡስ ነበርን። ሰው በሰው ላይ ተጭነን፣ ግማሹ እያስታወከ፣ አምስት ቀን ሙሉ አንዲት መስኮት አላስከፈቱንም። ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን መጠለያው ውስጥ ብርድ ገድሎባቸው ስለነበር የሚቆጣቸው አልተገኘም። አሶሳም ከገቡ በኋላ በቀትር ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ነው የሚውሉት። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ማጉያዬን ሰጠኋቸው፤ ስለዚህ ከኔ የሚብስ ሞኝ የለም።

«አያ ታረቀኝ፣ ይህን ነገር እንዳይነኩት» አልኳቸው። «መስኮቷንም እንዳይዘጉ። ይኼ ንፋስ ካላገኘ የውድነሽን ስም መጥራት አልችልም።»

«ልጄ፣ ለውድነሽ ስል እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው» አሉኝ።

ጓድ አንለይ ጀመሩ። በመጀመሪያው ሰዓት ጣቴን አሳርፌ አሥራ አራት ቆጠርኩ። በሁለተኛው ሰዓት አሥራ ሁለት። በሦስተኛው ሰዓት እሳቸው ገና የአሥራ ሁለት ዓመቱን ድል ከአምስተኛው ዓመት ላይ ደርሰው ሳለ፣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የድምፅ ማሰራጫ ጡሩንባ ጸጥ አለ። ንፋስ ሽቦውን በጥሶታል። ጓድ አንለይ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ በቅንድባቸው አዘዙኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቄ ሄድኩና ምሰሶው ላይ ወጣሁ።

ሽቦውን እያሰርኩ ሳለ ነው የሰማሁት። የጓድ አንለይ ድምፅ ወፍሯል። የሚናገሩት ስለ ማሽላ ምርት ነው፣ ድምፁ ግን አፋቸው ውስጥ ገንፎ የያዙ ይመስላል። ከታች አንዲት ሴት «ስሜታቸው ተነካ መሰለኝ» ስትል ሰማሁ። የምን ስሜት፤ ትራንዚስተሩ እየሰከረ ነው።

ተንሸራትቼ ወረድኩና ልሮጥ ስል መፈክር ተጀመረ። ሕዝብ እጁን አንስቶ ሲቆም መሃል ለመሃል የሚሮጥ ሰው በዚያ ጊዜ ምን እንደሚባል ለማያውቅ ልንገረው፤ ጥሩ ነገር አይባልም። እኔም እጄን አነሳሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ «ወደፊት» እላለሁ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ «ይውደም» እላለሁ። ያን ቀን ስንቱን እንዳወደምኩት እግዚአብሔር ይወቀው። መድረኩ ጋ ስደርስ ጓድ አንለይ ጨርሰዋል፣ ላባቸውን እየጠረጉ ነው።

«ሳይቋረጥ አልቋል» አሉኝ ማይክሮፎኑን እየዘረጉልኝ። «ቃሌን አክብሬያለሁ። አንድ ደቂቃህን ውሰድ፤ ከዚያ የወዛደሩን መዝሙር፣ ኢንተርናሲዮናልን፣ እናጫውታለን።»

«ጓድ፣ መጀመሪያ ማጉያውን ልየው። ሞቋል።»

«ወይ አሁን ተናገር ወይ ተወው። እንግዶች ቆመዋል።»

ጎጆዋ ከቆምኩበት አሥር እርምጃ አትርቅም። ብሄድ ደቂቃዬ ይሄዳል፤ ባልሄድ ማጉያው ይሄዳል። ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል፣ ከኋላ ያለው ሰው ነጠላውን አናቱ ላይ እያደረገ መነሳት ጀምሯል። ማይክሮፎኑን ያዝኩት። የምለውን ሁለት ዓመት አጥንቼዋለሁ። ውድነሽ ይመር፣ የአምባሰል ልጅ፣ ወንድምሽ ካሣዬ ነኝ፣ አልሞትኩም፣ አምባ ዘጠኝ ነኝ። ሰላሳ ሴኮንድ አይፈጅም።

«ውድነሽ» አልኩ።

ጡሩንባዎቹ ስሟን ሜዳው ላይ በተኑት። ወዲያው አንድ የሚሰቀጥጥ ጩኸት አሰሙና ጸጥ አሉ።

«ይመር» ስል የሰሙኝ ጓድ አንለይ ብቻ ናቸው። ማይክሮፎኑን ጣልኩና በባዶ ጉሮሮዬ ጮህኩ። ዝናቡ ወረደ፤ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ መጠለያ ፍለጋ ሮጠ። እስኪዘጋኝ ድረስ ጮህኩ። ጓድ አንለይ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሃያ ሴኮንድ ይቀርሃል» አሉኝ።

ጎጆዋ ስገባ የተቃጠለ የጥርስ ሳሙና ሽታ ተቀበለኝ። መስኮቷ በጆንያ ተወትፋለች። የቀርከሃው ክፍተት ሁሉ በሣርና በጨርቅ ተደፍኗል። ማጉያው አይታይም፤ ጋቢ ለብሷል። የአያ ታረቀኝን ጋቢ፣ እጥፍ ተደርጎ፣ ከላይ እስከ ታች ተከናንቧል፤ ከሥሩ ጭስ ይወጣል። እሳቸው በሸሚዝ ብቻ አጠገቡ ቁጭ ብለው እጃቸውን ላዩ ላይ አሳርፈዋል።

«ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ሰውነቱ ጋለ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቀጥሎ ደግሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዝናብ ያዘለ ንፋስ በመስኮቱ ሲገባበት ጊዜ አላስቻለኝም። የጋለ ገላ ንፋስ ሲመታው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሁለት ቀብሬያለሁ። ላብ ያልበው ብዬ ነው ያለበስኩት። ካላበው ይበርድለታል ብዬ ነው።»

ልመታቸው ነበር። ማጋነን አይደለም፣ እጄ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ሸሚዛቸውን አየሁት። ሰውየው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለት ዓመት ከትከሻቸው ወርዶ የማያውቀውን ጋቢ ለኔ እህት ብለው አውልቀው፣ እነዚያ በሕይወታቸው ንፋስ ብቻ የሚፈሩ ሰውዬ፣ በርጥብ ጎጆ ውስጥ በሸሚዝ ተቀምጠዋል። እጄን አወረድኩ። ስለ ትኩስ አየር አካሄድ አሁን ለሳቸው ላስረዳ? አጠገባቸው ቁጭ አልኩና አብረን ጭሱን አየን።

ማጉያው ባለመኖሩ ኢንተርናሲዮናል አልተዘመረም። ንግግሩ ሳይቋረጥ ማለቁን ባስታውሳቸውም፣ ኢንተርናሲዮናልን ያስቀረ ሰው ነፃ አይሄድም ተብሎ ነገሩ እስኪጣራ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ጠባቂዬ ገቢሳ የሚባል የባምባሲ ሰው ነው። መኪኖቹ ጭቃ ይዟቸው የየአምባው ሕዝብ አሶሳ ቀርቷል፤ የአምባ ዘጠኙ ራዲዮ ጠጋኝ መታሰሩንም ያልሰማ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ገቢሳ በሩን ከፈተ። «ያ ካሣዬ፣ እህትህ መጣች» አለኝ።

ዘልዬ ተነሳሁ። በር ላይ የቆሙት ግን ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊት ናቸው።

«የጠራኸኝ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ስምዎ ማነው?» አልኳቸው በተዘጋ ጉሮሮዬ።

«ውድነሽ ነኛ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የአባቴ ስም ከጡሩንባው አልወጣም። ሜዳው ላይ የነበረች ውድነሽ ሁሉ በመንግሥት ማይክሮፎን ተጠርታለች። እማማ ውድነሽ ልጅ ጠፍቶባቸዋል። እኔ እሱ አለመሆኔን አይተውም ይዘውለት የመጡትን ቂጣ ለኔ ትተው ሄዱ። ቂጣውን መብላት አቃተኝ፤ ገቢሳ በላው።

ቀትር ላይ ሁለተኛዋ መጣች፣ ባሏን የምትፈልግ። ሦስተኛዋ ወንድም ይኑራት አይኑራት አታውቅም፤ «ምናልባት ካለኝ ብዬ ነው» አለችኝ። አራተኛዋ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ስሟ በጡሩንባ ከተጠራ ጀምሮ አልተኛ ስላለች እናቷ አዝላ ይዛት መጣች፤ «ይኸውልሽ፣ ሰው ነው» ብላ አሳየቻትና ወሰደቻት። አምስተኛዋ ልትሰድበኝ ነው የመጣችው። ባሏ «ማነው ሕዝብ ፊት የሚጠራሽ?» ብሎ ከተጠለሉበት ቤት አስወጥቷታል። «ይህችን ሴትዮ አላውቃትም» ብዬ ጻፍኩላት፤ ገቢሳ እማኝ ሆኖ አሻራውን አደረገበት። ስድስተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን አየችና እያለቀሰች ተመለሰች። ከሁሉም እሷ ናት የጎዳችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልመጣም። የኔዋ ውድነሽ ሜዳው ላይ ብትኖር ድምፄን ታውቀው ነበር፤ ስላልመጣች ወይ በዚህ አገር የለችም ወይ በሕይወት የለችም አልኩ። ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ፣ እንዲያው ጥርግ አድርጌ ቆረጥኩ።

በአራተኛው ቀን ገቢሳ እያሳከከው የመጣ ይመስል አንገቱን እያሻሸ ገባ። «ሌላ ውድነሽ አለች» አለኝ። «ግን አትገባም። ማንጎው ሥር ቆማ፣ ይበላል ወይ ብላ ትጠይቃለች።»

«ምን አልካት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«በጣም፣ አልኳት። ደግሞ ጥላ አለው ወይ አለች። እኔ ይሄን እንዴት አውቃለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ማን ጥላ አለው? ውጣና ራስህ አሳያት።»

ወጣሁ። ፀሐይ ነበር። ማንጎው ሥር የቆመችው ሴት ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ በእጇ የጠበል ጠርሙስ ይዛለች። ከስታለች፤ ግን አንድ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ መቆሟን የትም አገር ባየው አውቀዋለሁ። አንድ እርምጃ ስራመድ ጠበሉን ረጨችብኝ።

«እዚያው ቁም» አለችኝ። «ካሣዬን አተት ገድሎታል። መጠለያው ውስጥ የቀበረው ሰው ነግሮኛል። ተዝካሩንም አውጥቻለሁ፣ በእርዳታ በቆሎ፤ አሥር ሰው በልቷል። አንተ ማነህ?»

«እኔ ነኝ» ለማለት ሞከርኩ። በዝናቡ ቀን የዘጋኝ ጉሮሮ ገና አልተከፈተም፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ሜዳው ላይ ነበርኩ» አለች። ጠርሙሱ ዘንበል ብሎ ጠበሉ ቀሚሷ ላይ ይፈሳል። «ድምፁን አወቅሁት። አቤት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ይደግመዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልደገመውም። አንዴ ጠርቶ ዝም የሚለው የሞተ ሰው ነው። እሱን አቤት ያለ ይከተለዋል። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ሮጥኩ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ወንድሜ ከሆንክ ለምን አንዴ ብቻ ጠራኸኝ?»

ስለ አያ ታረቀኝ ጋቢ ልነግራት ፈለግሁ፣ ስለ ትራንዚስተሩ፣ አየር ከታች ገብቶ ከላይ ስለመውጣቱ። ዕንባዬ መጣ። ገቢሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ውድነሽ» አልኩ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ከማንጎው አልፎ በማይሰማ።

ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አቤት» አለችኝ።